ያባቴን የሕይወት ታሪክ ሁለተኛ የጻፍኩበት ዓመት

አባቴ የተቀበረው ጥር 2010 ነው፤ ደቡብ ወሎ፣ ከኩታበር ወጣ ባለች ቀበሌ። ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ተጉዤ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። «የተማርከው አንተ ነህ፣ የሕይወት ታሪኩን ጻፍ» ተባልኩና ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በግማሽ ሰዓት ሞነጫጨርኩ። በ1928 ተወለዱ፣ በግብርና ሥራ ተሰማርተው 7 ልጆች አፈሩ፣ ሰው አክባሪ፣ ደግና ሃይማኖተኛ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

ከቀብር ስንመለስ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት ሙስሊም እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይኼ ያነበባችሁት የማን ነው?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ያን ወረቀት ስም ቀይረው ቢያነቡት ለማንኛውም ያገራችን ገበሬ ይሆን ነበር። ለሙት ዓመቱ ሌላ ለመጻፍ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ለአርባው እንደሄድኩ ጀመርኩ። ስልኬን መቅረጫ አድርጌ ከቤት ቤት እየዞርኩ «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እላለሁ። «ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።» አራት ምሽት ዞሬ ያገኘሁት ይኸንኑ ነው። ስለ ሞተ ሰው ጠባይ የሚጠይቅ ምርቃት ብቻ ይሰማል።

በአምስተኛው ቀን እኒያ እናት ቤት ቡና ስጠጣ ጥያቄውን ለወጥኩት። «እማማ፣ አባቴ እዚህ ቤት እየሮጠ የመጣበት ቀን ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት ይረሳል! ልጄ ሁለት ቀን አምጣ አልገላገል ብላ። ነሐሴ ነው፤ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። አባትህ ወሳንሳውን ተሸክሞ መጣ፤ ስምንት ጎበዝ ጠራ፤ አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አደረሷት። ይቺ ቡና የምትቀዳልህ ያን ለት የተወለደችው ናት።»

ያ ወሳንሳ ጓሯችን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው ያደግኩት። በልጅነቴ በርበሬ የሚሰጣበት አልጋ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ቀን ወይም ስለ አንድ ዕቃ እንጂ ስለ ጠባይ ጠይቄ አላውቅም። ጠርዙ ተበልቶ ያለቀ የአባቴን ዶማ ይዤ ተዳፋቱን ስወጣ ሰዎች ዶማውን እያዩ ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ። ቤት ውስጥ ዝም ያሉኝ ሽማግሌ አባቴ የካበው እርከን ላይ ስንቆም አፋቸው ተፈታ።

ስለ እርከኑ የተሻለውን የነገረኝ ግን ከአባቴ ጋር ለዓመታት የተኳረፈ ሰው ነው። ብዙዎች «እሱን አትጠይቀው» ብለውኝ ነበር። ከ77ቱ ረሃብ በፊትም በኋላም በየተዳፋቱ የድንጋይ ካብ ይሠራ የነበረው በምግብ ለሥራ ነው፤ የአንድ ቀን ዋጋው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ስንዴውም ቀረ፣ አስገዳጁም ሄደ። በግድ የተሠራ ነውና በብዙ ቦታ ገበሬው ካቡን ናደ፣ የተተከለውን ዛፍ ቆረጠ። ምክንያት ነበረው፤ ካቡ መሬት ያጠብባል፣ አይጥ ይቀፈቅፍበታል፣ በሬ ለማዞር አይመችም።

«የኔን እኔው ነኝ ያፈረስኩት» አለኝ። «የኔ ሲናድ ጎርፉ ወደ ታች ወደ ሰው ማሳ እንደሚወርድ አባትህ ነገረኝ፤ አልሰማሁትም። በማግስቱ መጥቶ ካበው። አፈረስኩ፤ ደግሞ ካበው። በሦስተኛው ክረምት ጎርፍ የላይኛውን ማሳዬን ጠርጎ ወሰደው። ዶማዬን ይዤ ካጠገቡ ቆምኩ። አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ድንጋይ ብቻ አቀበለኝ።»

ያ ካብ ዛሬ ከኋላው አፈር ሞልቶ ከታች ቆሜ ሳየው ደረቴ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ያለ ስንዴ፣ ያለ አበል ነው።

የዘመን ነገር ብዙ ያደክማል። መታወቂያው 1928 ይላል፤ በግምት የተሞላ ነው። በሰፊ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርኩና ሰው የማይረሳቸውን ጻፍኩበት፦ ጣልያን ሲወጣ፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የ66ቱ ረሃብ፣ መሬት ለአራሹ የካቲት 1967፣ መሠረተ ትምህርት 1971፣ 77። «ከዚህ በፊት ነው በኋላ?» እያልኩ መጠየቅ ብቻ። አክስቴ «እናታችን እሱን አርግዛ ነው፣ ደሴ ላይ መድፍ ሲያጓራ ዋሻ የገባችው» አለች። ደሴ ከጣልያን እጅ የወጣችው ሚያዝያ 1933 ነው። የሞተው እንግዲህ በ81 ሳይሆን በ76 ዓመቱ መሆኑ ነው።

ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዐርባ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በኩራዝ። ከዚያ የቅሬውን፣ ማለትም የመንደሩን እድር፣ መዝገብ ያዘ። እኛ አገር ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ባንድ ላይ ይቀብራል፤ መዝገቡም ሁሉንም ባንድ መስመር ይዟል። ከጥቂት መበለቶች ስም ፊት በየወሩ በእሱ የእጅ ጽሕፈት «ተከፍሏል» ይላል። ገንዘብ ያዡን ስጠይቃቸው የከፈለው ራሱ መሆኑን ነገሩኝ። ገጾቹን በሙሉ ፎቶ አነሳኋቸው፤ ቀደም ያሉትን ሁለት ደብተሮች ግን አይጥ ጨርሷቸዋል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በልጅነቱ አብሮት ከብት የጠበቀ አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውርተውኝ ነበር። ቀረጻውን በዚያው ምሽት ሌላ ቦታ ሳልገለብጥ ስልኬ ውኃ ገባበት። ለፋሲካ ስመለስ ሽማግሌው የሉም። ለሌላ ሰው የምለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሳትተኛ ገልብጥ።

እናቴን የጠየቅኳት መጨረሻ ላይ ነው፤ ስሕተት ነበር። «ለሰው ሲሮጥ የእኛ ገብስ አረም ይውጠዋል። ያን አረም ማን ያረመው ይመስልሃል?» አለችኝ። ታላቅ ወንድሜም ከብት ጠባቂ ስለታጣ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረው። ይኼን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ሰነበትኩ። እሷው «ጻፈው፣ እውነት ነው» አለች፤ ወንድሜም አልተቃወመ። ጻፍኩት። አባቴ ለመንደሩ የሰጠውን ቀን ሁሉ እናቴ በጉልበቷ ከፍላዋለች።

ለሙት ዓመቱ ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን እንደ ወጉ ለብቻ ታረደ። ንባቡ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ። እኒያ እናት ፊት ለፊት፣ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ካቡ ጋ ስደርስ ያ ተኳርፎ የነበረው ሰው ከኋላ ብድግ አለ።

«ሦስተኛው አይደለም፤ አሁን ሳስበው ሁለተኛው ክረምት ነው» አለ።

እስክሪቢቶ ተቀብዬ እዚያው ቆሜ አረምኩትና ንባቤን ቀጠልኩ።