የሃርለኪን አንገት፦ አራተኛ ወር

ወዳጆቼ፣ በድሮው የጣሊያን ኮሜዲ ጭምብል አጥልቆ የሚያስቀውን ገጸ ባሕርይ፣ የሃርለኪንን ጭፈራ መለማመድ ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። በዚህ ወር የተማርኩት ግን እግር ሳይሆን አንገት ነው።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ፦ ነገሩን ያስጀመረኝ ቻርልስተን ናት፤ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የደቡብ ካሮላይና ዋና ከተማ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1735 «ፍሎራ» የተባለ ኦፔራ ታየባት፤ አብሮትም የሁለት ፒዬሮዎች ጭፈራ፣ እንዲሁም የሃርለኪንና የስካራሙሽ ገጠመኞች የሚታዩበት ፓንቶሚም፣ ማለትም በንግግር ሳይሆን በእንቅስቃሴ የሚተረክ ጨዋታ፣ ቀረበ (ፒዬሮና ስካራሙሽም እንደ ሃርለኪን የዚያው ኮሜዲ ገጸ ባሕርያት ናቸው)። ቲያትር ቤት አልነበራትም፤ በዶክ ጎዳና የተሠራው የተከፈተው በዓመቱ ነው። ስለዚህ ጨዋታው የታየው በችሎት አዳራሽ ነበር። ዳኛ በሚፈርድበት ወለል ላይ ሃርለኪን ሲዘል ይታየኛል። ከለንደን የመጣው የዳንስ መምህር ሄንሪ ሆልትም በዚያ ዘመን እዚያው ያስተምር ነበር።

እኔ የምለማመደው በዚያው ዘመን የዳንስ መምህሩ ለ ሩሶ ለንደን ውስጥ ያሳተመውን፣ ሻኮን የተባለ የሃርለኪን ጭፈራ ነው። የተጻፈው ፈረንሳዊው የዳንስ መምህር ፌዬ እ.ኤ.አ. በ1700 ፓሪስ ላይ ባሳተመው፣ ጭፈራን ወረቀት ላይ በሚያሰፍር የምልክት ሥርዓት ነው። ከገጹ አናት ላይ የዜማው ኖታ አለ፤ ከሥሩ ጨፋሪው ወለሉ ላይ የሚሄድበት መንገድ በመስመር ተሥሏል። በመስመሩ ግራና ቀኝ የእግር ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ዘንበል ያለች ጭረት ስትኖርባቸው ጉልበት ይታጠፋል፣ ቀጥ ያለች ስትሆን ሰውነት ይነሣል፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ይዘለላል። ይህን አቀላጥፎ ማንበብ ብቻ ሁለት ወር ወሰደብኝ። ለ ሩሶ ግን ሃርለኪንን ራሱን እየሣለ ጭንቅላቱና ክንዱ ወዴት እንደሚዞር ጭምር ያሳያል።

እስክስታ እየመታሁ ስላደግሁ ትከሻዬ ከምቱ ጋር ይነሣል። እዚህ ግን ትከሻ ዝም ብሎ አንገት መናገር አለበት። ባለፈው ቅዳሜ ጭንቅላቴን ከእግሬ ግማሽ ምት አስቀድሜ ሳዞር፣ በር ላይ ቆሞ ያይ የነበረው የእህቴ ልጅ ሳቀ። እግሬን አስቀድሜ ደገምኩት፤ ዝም አለ። እንደገና አንገቴን አስቀደምኩ፤ ከት ብሎ ሳቀ።

አንገት ይህን ያህል የሚሠራው ፊት ስለተሸፈነ ነው። የሃርለኪን ጭምብል ደግሞ ጥቁር ነው፤ እርሱም ሎሌ ነው። በዚያን ጊዜ ከደቡብ ካሮላይና ነዋሪዎች የሚበዙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በ1735 ጃንዋሪ ላይ ቻርልስተን ውስጥ ለታየ ድራማ መግቢያው 40 ሺሊንግ ነበር። ያን ከፍለው ገብተው፣ ጥቁር ፊት ያጠለቀ ሎሌ ሲሯሯጥ እያዩ የሚስቁ ሰዎችን ሳስብ እጄ ከበደኝ። ከቆዳ የሰፋሁትን ጭምብል ሁለት ሳምንት ሳልነካው ቆየሁ። በመጨረሻ ቀለሙን ተውኩት፤ በቆዳው መልክ እንዳለ ይሁን አልኩ። ትናንት እርሱን አጥልቄ የመጀመሪያውን ገጽ ሳላቋርጥ ጨፈርኩ።