ለተቀመጠ ሰው የሚቆረጥ ሱሪ

ሱሪ የሚቆረጠው ለቆመ ሰው ነው። ቀኑን ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው ያንኑ ሱሪ ሲለብስ ከኋላ ወገቡ ይገለጣል፣ ከፊት ጨርቁ ሆዱ ላይ ይከመራል፣ የሱሪው እግርም ወደ ላይ ይሸሻል። "ሰፋ ያለ ይሁንለት" የሚለው ምክር ነገሩን ያባብሰዋል፤ የተረፈው ጨርቅ ከመቀመጫው ስር ታጥፎ ቆዳውን ይጫናል።

ልኩ መወሰድ ያለበት ሰውየው ተቀምጦ፣ እግሩም ማሳረፊያው ላይ እንዳለ ነው። ሜትሩ ከፊት ወገብ ተነስቶ በእግሮች መካከል አልፎ ከኋላ ወገብ ይደርሳል፤ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ይጻፋል። ርዝመቱ ደግሞ ከወገብ ጎን በዳሌ በኩል፣ በጉልበት ላይ ዞሮ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ያለቀ ሱሪም ይስተካከላል። ወገቡን ከኋላ ብቻ፣ ከአንዱ የጎን ስፌት እስከ ሌላው ተርትሮ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ማስገባት ነው። መሃሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ወደ ጎን እየጠበበ ሄዶ ያልቃል። እዚህ ላይ የሚረሳው የስፌቱ ትርፍ ነው። ከላይም ከታችም 1.5 ሴንቲ ሜትር ካልተጨመረ፣ 5 ተብሎ የተቆረጠው ቁራጭ ተሰፍቶ ሲያልቅ 2 ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የኋላ ኪስ ይነሳ። ከነቁልፉ፣ ከነብረቱ። ኪስ ካስፈለገ ጭን ላይ ይሰፋል፤ ለእጅም የሚቀርበው እዚያ ነው።

ለሸሚዝ ብዙ ሰው ቬልክሮ (ሻካራና ለስላሳ ወገኑ ሲጫን የሚያያዝ፣ ሲሳብ የሚላቀቅ ማያያዣ) ይመርጣል፤ እኔም አልቃወምም፣ በረጅሙ ካልተሰፋ። ረጅም ቬልክሮ ይደርቃል፣ ተጣሞ ይያያዛል፣ ደካማ እጅም አያላቅቀውም። 2 ሴንቲ ሜትር እየሆነ ተቆርጦ ቁልፎቹ በነበሩበት ቦታ ይሰፋ፤ ቁልፎቹ ከላይ ለመልክ ይቀመጡ። ሻካራው ወገን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ከታችኛው ጨርቅ ላይ ይሁን እንጂ ወደ ሰውነት እንዳይዞር። ሲታጠብ ተዘግቶ ነው፤ አለበለዚያ ክሩን ሁሉ ለቅሞ መያዙን ይተዋል። ማግኔት ያለው ቁልፍ ለመዝጋት ይቀላል፤ ነገር ግን ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ለተተከለለት ሰው አይሆንም፤ ማግኔት ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት።

አንድ ጎኑ ለማይታዘዝለት ሰው፣ ሲለብስ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ መጨረሻ ይወጣል።

ሱሪው በማሽን ከመሰፋቱ በፊት በእጅ ሳሳ አድርጎ ማያያዝና ሰውየውን አስቀምጦ መሞከር ይበጃል። ስሜት የሌለው ቆዳ "ቆረቆረኝ" አይልምና ሱሪው ከወለቀ በኋላ መቀመጫው ይታይ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይለይ ይችላል። በእጅ ጀርባ ይዳሰስ፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካለ፣ በዚያው አቅጣጫ ያለው ስፌት ይተርተር።