አባቴ ያልጣሏቸው ወረቀቶች

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ፣ ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) የደም ካንሰር ያለባቸው አባቴ በፌስታል ጠቅልለው የያዟቸውን የላቦራቶሪ ውጤቶች ሐኪሟ በየወራቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የጥቅምቱ ወረቀት ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ሳስቶ ቁጥሩ ሊጠፋ ስለደረሰ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበችው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 32,000 ሊምፎሳይት። የጥር ወሩ 36,000፣ የሚያዝያው 41,000 ነበር።

«አባባ፣ እኔ ይበልጥ የማየው በስንት ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ነው» አለቻቸው። ከ6 ወር ባነሰ ጊዜ እጥፍ ቢሆን ሕክምና መጀመር እንደሚታሰብበት፣ የእርሳቸው ግን በዚህ አካሄድ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚወስድ አስረዳችን። ኢንፌክሽንም ቁጥሩን ለጊዜው ሊያዛባው ስለሚችል፣ በየምርመራው ሰሞን ታመው እንደነበር ጠየቀቻቸው።

እኔ የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ እያየሁ ስደነግጥ ከርሜአለሁ። ክሊኒክ በቀየርን ቁጥር የድሮውን ውጤት የምንጥል ስንቶቻችን ነን?