«ቢንቢን የገደለ ላሜን ይምራል?»

ከጥቂት ዓመት በፊት ኅዳር ላይ መራዊ አካባቢ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። የወባ ወር ነው። ጎረቤቱ ተራ በተራ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ወጣሁና ከቆጋ መስኖ ቦይ ያመለጠ ውሃ ካቆረበት፣ ከከብት ኮቴ ውስጥ ሳይቀር በጣሳ ቀድቼ፣ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት።

እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ከውሃው ገጽ ሥር ተጋድመዋል። ጠርሙሱን ነካ ሳደርገው ተወራጭተው ይወርዳሉ፣ ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ይጋደማሉ። የወባዋ ቢንቢ እጭ እንዲህ ነው የሚተኛው፤ ሌላው ዓይነት ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

«ይኼማ የውሃ ትል ነው፣ ድሮም አለ» አሉ አጎቴ።

አልተከራከርኩም። አፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አስሬ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስት ቢንቢዎች ቂጣቸውን ወደ ላይ ቀስረው ነጠላው ላይ ተቀምጠው ተገኙ። አጎቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። ከዚያ «ይኼን ሁሉ ዘመን እኛው ነን የምናረባት?» አሉ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ «ያቆረ ውሃ አፋሱ» እያለች ስንት ዓመት ተመላልሳለች። እሳቸውም ስንት ዓመት እሺ ብለዋታል።

ወሬው ከሞቀ ብዬ ስለ ቢቲአይ አነሳሁባቸው። ሙሉ ስሙ ምላስ ያስራል። ባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1976 እስራኤል ውስጥ ኔጌቭ በረሃ፣ የሞቱ እጮች ከተገኙበት ኩሬ ነው የተለየው። ዛሬ በዱቄትም በፈሳሽም ተዘጋጅቶ እጭ ያለበት ውሃ ላይ ይረጫል። እጩ ይበላዋል፣ አንጀቱ ይበሳሳል፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያልቅለታል።

አጎቴ ጥያቄያቸውን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ቢንቢን የገደለ ላሜን ይምራል?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ደግሞ «በሳይንስ ተረጋግጧል፣ ስጋት አይግባችሁ» ነው፤ ይኼ መልስ ሳይሆን ዝም በል ማለት ነው። እኔ ብርብራን አስታወስኳቸው። በጣና ዙሪያና ወደ ጣና በሚገቡት ወንዞች ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል።

«አያ፣ ብርብራውን ሲነሰንሱት ዓሣው ሞተ። አንቱስ ዓሣውን በልተው ምን ሆኑ?»

ሳቁ። ከዚያ ግን ያዙኝ። «ዓሣውስ ታዲያ? ዓሣው ሞቷላ!»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ማስረዳት ነበረብኝ። የባክቴሪያው መርዝ ሥራ የሚጀምረው እንደ እጩ አንጀት አመድ አመድ በሚል፣ ኮምጣጣ ባልሆነ ሆድ ውስጥ ነው። የኛ ጨጓራ ኮምጣጣ ነው። በዚያ ላይ መርዙ የሚጣበቅበት ቦታ ሰውም ላምም ዓሣም አንጀት ላይ የለም። ታዲያ ከቢንቢ በቀር ምንም አይነካም ማለት ውሸት ነው፤ ዘመዶቿን ጥቃቅን የውሃ ዝንቦችም ይገድላል። ይህንንም ነገርኳቸው። የሚገርመው፣ ይበልጥ ያመኑኝ ይኼን ስነግራቸው ነው።

ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ልጅ ሆኜ የወባ ርጭት ሲመጣ ቀፏችን ከቤቱ ክፈፍ ሥር ተሰቅሎ ነበር። እናቴ «ንቦቼስ?» አለች። «ምንም አይሆኑም» አላት የሚረጨው ሰውዬ። በሳምንቱ ከቀፎው ሥር የሞተ ንብ በእፍኝ ተጠረገ። ያ ሰውዬ ተመልሶ አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ርጭት ሲመጣ እናቴ ቤቱን ቆልፋ ገበያ ወጣች፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ አስረጭተው ሲያበቁ ግድግዳውን መልሰው በጭቃና በእበት ለቀለቁት። ይህን ሰው አላዋቂ ማለት ይቀላል። እናቴ ግን ያየችውን ነው ያደረገችው።

በስልክ የሚዞረው ወሬም የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። «ትንኝ ሊለቁብን ነው» የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ በግንቦት 2024 ዘረ መላቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞች ለቃለች፤ ያ እውነት ነው። ወንድ ቢንቢ አይነክስም፣ የሚኖረው በአበባ ወለላ ነው፤ ከነዚህ የሚወለዱት ሴቶች ደግሞ ሳያድጉ ይሞታሉ። ግን ያ ሌላ፣ ቢቲአይ ሌላ። ሁለቱንም «ሥነ ሕይወታዊ ዘዴ» በሚል አንድ ከረጢት ከትቶ ስብሰባ መጥራት ሰውን ማደናገር ነው።

ደግሞ ተስፋ አታብዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እጭ ማጥፋትን የሚመክረው በተጨማሪነት ነው፤ ያውም እጭ የሚራባበት ቦታ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን። ክረምት ሲወጣ ጎጃም ውስጥ ኮቴ ሁሉ ኩሬ ነው፤ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? በጋ ላይ ግን ውሃው የቦይ ጠርዝና የወንዝ ሆድ ይዞ ይቀራል። ቢጀመር ያን ጊዜ ቢጀመር እላለሁ። አንዴ ተረጭቶ የሚተውም አይደለም፣ በየሳምንቱ ወይ በየሁለት ሳምንቱ መደገም አለበት። የበረረችውን ቢንቢ አይነካትም። አጎበሩ ይቀጥላል፤ የሽንኩርት መደብ ላይ የዘረጋችሁትን አንሱና አልጋው ላይ መልሱት። እ.ኤ.አ በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥሉበት ጊዜ አይደለም።

ልሄድ ስል አጎቴ ጠርሙሱን እንድተውላቸው ጠየቁኝ። ለዕድር ሰዎች ሊያሳዩት ነው። ስለ ዱቄቱ ምን ወሰኑ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይምጣ» አሉ። «በመጀመሪያ ግን አንዱ ኩሬ ላይ ዓሣ ጨምረው ይርጩትና ቆመን እንየው። የሚረጨው ሰው ደግሞ የዚሁ ቀበሌ ልጅ ይሁን፤ ላሜ ብትታመም ቤቱ ሄጄ የማንኳኳው።»