ዙሪያውን የሄደው ባጃጅ

ዛሬ ባህር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ፣ ልጁ ቀጥታ መሄድ ሲችል ውስጥ ለውስጥ ታጠፈ። «ወንድሜ፣ በዚህ አይረዝምም?» አልኩት።

«እህቴ፣ ሂሳብ አልጨምርብሽም። በዚያ በኩል ጫት እገዛበት የነበረ ቤት አለ። ታክሜ አቁሜያለሁ፣ ግን በዚህ ሰዓት በዚያ አላልፍም።»

ሰባት ሰዓት ነበር። ትኩሱ ጫት ገብቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ውሃ የሚርከፈከፍበት ሰዓት (ሲደርቅ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ነው እንዲህ የሚንከባከቡት)።

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትደውላለች አለኝ። ምሳ በላህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ሥራ ታወራዋለች፣ ጫት የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

እኛ ሰው ከሕክምና ሲወጣ «ዳነ» ብለን እንተወዋለን። መጀመሪያ ድካሙ፣ ቅዠቱ፣ ድብርቱ አለ። እሱ ካለፈ በኋላም ቦታውና ሰዓቱ ብቻ አምሮቱን ይቀሰቅሰዋል፣ በተለይ እንደ ባህር ዳር ጫት በዙሪያዋ በሚበቅልባት ከተማ። ጓደኞቼ፣ ካቆሙት ልጆች ጋር ስንቀጣጠር መቃሚያ ቤት አጠገብ አይሁን፣ እባካችሁ። ጣና ዳር እንቀጥራቸው፣ ዓሣ እንብላ።