ረሃቡን ከሰማይ ያወረደው ፊልም

ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንያያዘው ሚኒባሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት በከዘራቸው ወደ ውጭ እያመለከቱ፣ «በስድሳ አምስትና በስድሳ ስድስት ሰዉ እዚህ አስፋልት ዳር ተኮልኩሎ መኪና ይለምን ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ደሴ የመጣሁት ይህንኑ ለመስማት ነው።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ከሚያሳይ ምስል ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በቅብዐ መንግሥታቸው የተቀደሱ ናቸው ይል ነበር። ፊልሙ ከዚህ እምነት ጋር አልተከራከረም። በረሃብ የሚያጣጥር ሕፃን፣ ቀጥሎ ሥጋ የሚቀርብለት ውሻ፤ በቃ። ምስሎቹን ያጎራበተው መቀስ ነው፣ ፍርዱን የሰጠው ግን ተመልካቹ።

«ያኔ እናንተ ምን ትሉ ነበር?» አልኳቸው።

«የአላህ ቁጣ ነው እንላለን እንጂ! እኛ ዱዓ፣ ክርስቲያኖቹ ምሕላ። ፊልም የሚባለውንማ በወሬ ነው የሰማነው፤ እኛ ዘንድ ቴሌቪዥን ከየት ይመጣና!»

አንጀቴን በላው። ታሪክ የለወጠው ምስል የእነሱ ሆኖ ሳለ፣ ያዩት ሌሎች ናቸው።

በማግስቱ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በክርስቶስ ባሕርይ ላይ የነበረውን የተዋሕዶ ክርክር በጉባኤ የዘጉት እዚህ ነው። የኋላው ንጉሥ ሚካኤል፣ የወሎው መሐመድ ዓሊ፣ ክርስትና የተነሡትም በዚያው ዘመን ነው። ሜዳው ላይ ከብት ሲግጥ እያየሁ ብዙ አሰብኩ። ያኔ ዙፋንና ሃይማኖት የሚተሳሰሩት በጉባኤና በጥምቀት ነበር፤ መቶ ዓመት ሳይሞላ ፊልም መጥቶ ቋጠሮውን ፈታው።

የሚያንገበግበኝ የ1977ቱ ረሃብ ነው። በጥቅምት የመሐመድ አሚን ካሜራና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ዘገባ ኮረምን ለዓለም ሲያሳዩ፣ ረሃቡ የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ተባለ። እርዳታ ጎረፈ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ፤ ይህን ማንም አያቃልለውም። ነገር ግን ረሃቡ እንደገና ወደ ሰማይ ወጣ። በሰሜን የነበረውን የእርስ በርስ ጦርነትና በዚያው ዓመት መስከረም ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተደገሰውን ድግስ ብዙው ተመልካች አላያቸውም። በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረደው መንግሥትም ተጠያቂነቱ ቀለለለት። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ላነበበው ግን፣ ኤልያስ በድርቁ ዘመን አክዓብ ፊት ቆሞ ጥፋቱ የአንተና የአባትህ ቤት ነው ያለው እዚያው ውስጥ ነው።