«ቁጭ በይ» ማለት ከመውደቅ አያድንም

ዕድሜው የገፋ ሰው ካለበት ቤት የማትጠፋ አባባል አለች፤ «ኧረ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣዋለሁ።» ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ውሎው መቀመጥ ብቻ የሆነ ሰው ጭኑ ይሰልላል፣ አንድ ቀን ብድግ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። አንዴ የወደቀ ደግሞ ይፈራል፣ ስለፈራ አይንቀሳቀስም፣ ስላልተንቀሳቀሰ ይብስ ይደክማል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወድቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመላው ዓለም በዓመት ወደ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል፤ በብዛት የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

«በእግሬ እሄድ የለ እንዴ!» የሚሉ አሉ። መሄድ ጥሩ ነው፣ ለልብም ለስሜትም። ለሚዛን ግን ብቻውን አይበቃም። ቆመን የምንሄደው ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ እንዲሁም የእግር ጡንቻና መገጣጠሚያ ለአንጎል በሚልኩት መልእክት ነው፤ በዕድሜ ሁሉም ይደክማሉ። ሚዛን የሚጠነክረው ትንሽ ሲፈተን ነው። ካልተንገዳገዱ ሥራ የለም።

እናቴ የምትሠራው እንዲህ ነው። ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ አጠገብ ትቆምና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣቶች ጫፍ ጋር ታገጥማለች። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ቁርጭምጭሚቷ አያርፍም፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ እኔ የምወደው እሱን ነው፣ እግሯ እየተማረ ነዋ። መጀመሪያ በሁለት እጅ ትይዝ ነበር፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ አሁን በአንድ ጣት። አሥር ሰከንድ መቆየት አለባት። (ስትቆጥር ሰባትንና ስምንትን ትዘላለች፣ እናቴ ናትና ምን ይባላል።) ቀጥሎ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ አለ። ዋናው መቀመጡ ነው፤ ዘጭ ማለት የለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወረደው፣ ጭን የሚሠራው ያኔ ነው። በጣት ጫፍ መቆም፣ ወደ ጎን መራመድ፣ እነሱም አሉ።

በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የታወቀው የመውደቅ መከላከያ ፕሮግራምም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የእግር ማጠንከሪያና የሚዛን እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ጊዜ፣ እዚያ ላይ የእግር ጉዞ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ ደግሞ እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ታይቺም (ቀስ ተብሎ የሚሠራው የቻይናዎች እንቅስቃሴ) ይረዳል፣ የሚያስተምር ካገኛችሁ።

ሲሠሩ አጠገባቸው ሁኑ፣ ግን ክንዳቸውን ጨምድዳችሁ አትያዙ፤ እናንተ ከደገፋችሁ እግራቸው ምን ይሠራል? ሲነሱ የሚያዞራቸው ወይም ሰሞኑን የወደቁ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያቸው። የእንቅልፍ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ከሆነ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዳንዱ ራሱ ያንገዳግዳል።